«ከድቶን ሄደ» ሲሉ ዝም አልኩ

ይድረስ ለጋሼ፣

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዛሬ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። በፊት ግን የአንድ ሮክ ባንድ ማናጀር ነበርኩ። ጃኖ ባንድ ሮክን ከሀገራችን ቅኝት ጋር አዋህዶ ሲመጣ «እኛም እንችላለን» ብለን የተነሳን ልጆች ነን። ድምፃዊ፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም፤ አምስት ነበሩ።

የምንለማመደው ሽምብጥ፣ አክስቴ ግቢ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። ጎረቤት እንዳንረብሽ ግድግዳውን በጆንያና በአሮጌ ፍራሽ ሸፈንነው። መብራት ሲጠፋ አያቆሙም ነበር። ጊታሩ ያለ አምፕሊፋየር ይቀጥላል፣ ድራመሩ ጉልበቱን ይመታል፣ ድምፃዊው በባቲ ያዜማል። ያ ጨለማ ክፍል እስካሁን ይናፍቀኛል።

ገንዘብ ግን አልነበረም። ሆቴል ስንጫወት ግማሹን የሳውንድ ሲስተም ኪራይ ይበላዋል። ሰርግ ቀብድ አለው፤ ሰርገኛ ግን እስክስታ ነው የሚፈልገው። ሊድ ጊታሪስቱ «ሰርግ አልጫወትም» ይላል። ቤዚስቱ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። በዚህ መሃል አዲስ አበባ ያለ የምሽት ክለብ ባለቤት ደወለልኝ። «ባንዱ ይቅር፤ ድምፃዊውን ብቻ ላክልኝ፣ ደሞዝ እከፍለዋለሁ» አለኝ። «ልጁ አይፈልግም» ብዬ ዘጋሁት። ልጁን አልጠየቅኩትም። ለማንም አልተነፈስኩም።

ከአምስት ወር በኋላ ሰማ። ሳውንድ ቼክ ላይ ነበርን። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስለ እኔ መልስ የምትሰጠው አንተ ማን ሆነህ ነው?» አለኝ። ማይኩን ስፒከሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባ።

ሌሎቹ «ከድቶን ሄደ» አሉ። እኔም «ሰው እንዲህ ነው» አልኩ። ባንዱ በሁለት ወር ተበተነ። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ። የቀዳናቸው ስምንት ዘፈኖች እኔ ጋ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ ድራመሩ ያገባል። በሰርጉ አንድ ዘፈን አብረን እንድንጫወት ለምኖናል። የድምፃዊው ስም ሲነሳ ሊድ ጊታሪስቱ «ያ ከሃዲ ከመጣ እኔ የለሁም» አለ። ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል? ልጥራው? ወይስ ያለፈው አልፏል ብዬ ልተወው?

የድሮው ማናጀር፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስልኩን ስትዘጋ የተሰማህን እረዳለሁ። በዚያች ክፍል አብረህ ለፍተህ አንዱን መርቆ መስጠት ከባድ ነው። ይበልጥ ያሳዘነችኝ ግን «ሰው እንዲህ ነው» ያልካት ቃል ናት። በስልኩ አንድ ሥራ አሳጣኸው። በዚያች ቃል ስሙን ወሰድክበት፤ ያውም ስምንት ዓመት ሙሉ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ዋሊያስ ባንድ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ፣ ገሚሶቹ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ባንድ እንዲህም ይለያያል፤ ያማል። የእናንተ ልጅ ግን ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የሚመርጥበት ቀን አልነበረውም። አንተ መረጥክለት።

አንድ ነገር ልብ በል። ድምፃዊው አንተ እንደደበቅከው ያውቃል። ሌሎቹ አለማወቃቸውን ግን ማን ነገረው? ምናልባት አምስታችሁም ተማክራችሁ ያስቀራችሁት ይመስለዋል። እነሱ ደግሞ ለገንዘብ የጣላቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱም ወገን ያልተደረገ ነገር ይዞ ተቀያይሟል።

ስለዚህ ከእሱ በፊት አራቱን ጥራ። አንድ ላይ ይሁኑ። ለየብቻ ብትነግራቸው ወሬ ሆኖ ይዞራል። ለሰርጉ ገና ብዙ ቀን እያለ፣ ከተቻለ እዚያችው ሽምብጥ። «ተደውሎልኝ ነበር፤ አልነገርኩትም፤ እናንተ ስታሙት ዝም አልኩ» በላቸው። «ለባንዱ ብዬ ነው» የምትለውን ተዋት። እውነት ብትሆን እንኳ ለዚያ ቀን አትሆንም። ጊታሪስቱ ይቆጣል። ይቆጣ። ጓደኛውን ሲጠላ የኖረው በአንተ ዝምታ ነው።

ከዚያ ለድምፃዊው ራስህ ደውል። ሽማግሌ አትላክ። ሌሎቹ እንዳላወቁ ንገረው፣ ይቅርታ ጠይቀው። ሰርጉን ግን እንዳታነሳ! እሱን መጥራት የሙሽራው ፋንታ ነው። ይቅርታህን ከግብዣ ጋር ካያያዝከው፣ ድምፁን ፈልገህ የደወልክ ይመስለዋል። ስልክ ካላነሳ ጽፈህ ተውለት።

ስለ ዘፈኖቹ አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን አላልፋቸውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውና ለከዋኙ፣ ማለትም ለዘፈነውና ለተጫወተው፣ መብት ይሰጣል። ማናጀር ስለነበርክ ብቻ የአንተ አይሆኑም። አምስት ፍላሽ ግዛና ስምንቱንም ዘፈን ለየአንዳንዳቸው ቅዳላቸው። የድምፃዊውን ይቅር ባይልህም ላክለት።