ሐምሌ ላይ ስማችሁ ላልወጣ መምህራን

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ሐምሌ ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች አሁን እነሱም መምህር ሆነው «ጋሼ ዝውውሩ ወጣ፣ ስሜ የለም፣ ምን ላድርግ» ይሉኛል። አንዷማ ባለፈው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ስር ሳትነሳ ነው እያለቀሰች የደወለችው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ባሏ ሌላ ወረዳ እሷ ቆላ፣ ልጇን እናቷ ጋ ትታ የምታስተምር ልጅ ናት። ለሷ በስልክ ያልኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። 40 ዓመት ሳስተምር ሁለት ጊዜ ቅሬታ አቅርቤ አንዱን ተሸንፌያለሁ አንዱን አሸንፌያለሁ፣ በኋላ ደግሞ የመምህራን ማኅበሩን ወክዬ የዝውውር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ምን እንደሚባል አውቀዋለሁ።

የተሸነፍኩበትን ላስቀድም፣ ከሱ ነው ብዙ የተማርኩት። ወጣት ነበርኩ፣ ስሜ ሲቀር በጣም ተናደድኩና ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። ኃላፊው ጋ ገባሁ፣ ችግሬን በሙሉ ነገርኩት፣ አባቴ መታመሙን፣ ከመንገድ እስከ ትምህርት ቤቱ ስድስት ሰዓት በእግር መሆኑን፣ እሱም በጥሞና ሰማኝና «እሺ እናየዋለን፣ አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ» አለኝ። አመንኩት። ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ላይ በጽሑፍ ይዤ ስመጣ «የቅሬታ ጊዜው እኮ አልፏል» ተባልኩ፣ ያ ሰውዬም እዚያው ነበር፣ ያወራነውን እንኳ አላስታወሰውም። በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ሁለተኛው ላይ አልተናገርኩም፣ ጻፍኩ። በመጀመሪያ የጠየቅኩት ነጥቤን ነው። ዝውውር በነጥብ ነው የሚወዳደረው፣ አገልግሎት ዘመን አለ፣ የሥራ አፈጻጸም አለ፣ የሥራ ቦታው አስቸጋሪነት አለ፣ እንደየክልሉ መመሪያ ጤና፣ ትዳር፣ ፆታ ምናምን ይታያል። እና «ለምን ቀረሁ» ከማለት «ለእያንዳንዱ መስፈርት ስንት ተሰጠኝ» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ምን ተገኘ መሰላችሁ፣ የዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ስድስት ተብሎ ተይዟል! ከሌላ አውራጃ ስመጣ የመጀመሪያው ማኅደሬ አብሮኝ አልመጣም። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ፋይሌን ከፍታ ገጽ በገጽ ስትቆጥር ቁጭ ብዬ አየሁ፣ የቅጥር ደብዳቤዬ የለበትም። እናቴ ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ያስቀመጠችው የካርቦን ግልባጭ ነበር፣ ስስ ወረቀት፣ ማህተሙ የደበዘዘ፣ ቁጥሩና ቀኑ ግን ይነበባል። እሱን አያይዤ በግማሽ ገጽ ማመልከቻ ዞን ድረስ ሄድኩ፣ ነጥቡ እንደገና ይሰራ ተባለ፣ እስኪፈጸም ኅዳር ደረሰ እንጂ ተዛወርኩ።

ግማሽ ገጽ ያልኩትን ልብ በሉት። ኮሚቴ ውስጥ ስቀመጥ አራት ገጽ ማመልከቻ ይመጣ ነበር፣ ሦስት ገጽ ተኩሉ መከራ ነው፣ እውነተኛ መከራ፣ ሳነበው አንጀቴን ይበላው ነበር፣ ግን ኮሚቴው በሱ ሊወስን አይችልም፣ ሁሉም አመልካች መከራ አለበት። ሊወስን የሚችለው «ይህ መስፈርት በኔ ላይ በትክክል አልተሰራም፣ ማስረጃው ይኸው» ሲባል ነው። እና እንዲህ ጻፉ፦ ጉዳዩ፦ የዝውውር ነጥቤ ድጋሚ እንዲሰላልኝ ስለመጠየቅ። ቀጥሎ በዚህ ቀን በተለጠፈው ውጤት የአገልግሎት ዘመኔ ይህን ያህል ተብሎ ተይዟል፣ በማኅደሬ ባለው በቁጥር እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ ግን ይህን ያህል ነው፣ እንዲስተካከልልኝና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፣ አባሪ ይህን ያህል ገጽ። በቃ። ኃላፊውን አትስደቡ፣ ያለፈውን ጓደኛችሁንም «ዘመድ ስላለው ነው» ብላችሁ አትጻፉ፣ ማስረጃ ከሌላችሁ ጉዳያችሁ ከነጥብ ወጥቶ ጠብ ይሆናል፣ ማስረጃ ካላችሁ ደግሞ እሱ ራሱን የቻለ ጥቆማ ነው፣ ለብቻው ይቅረብ።

ስትወስዱት ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ እናንተ ጋ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማህተም አስመቱ። ይሄን ሳትይዙ ከግቢው እንዳትወጡ! የተለጠፈውንም ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ዝናብ ያበላሸዋል ወይ ይነሳል። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አጭር ነው፣ የሚቆጠረውም ከተለጠፈበት ወይም ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ነው እንጂ እናንተ ከክረምት እረፍት ከተመለሳችሁበት አይደለም።

ስለ ሕጉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅን ታገኙና አንቀጽ ትጠቅሳላችሁ፣ ግን የወረዳ መምህር የክልል መንግሥት ሠራተኛ ነው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 የክልል ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ነው። ስለዚህ የክልላችሁን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና የትምህርት ቢሮውን የመምህራን ዝውውር መመሪያ ነው መያዝ ያለባችሁ። መመሪያው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ሚስጥር አይደለም፣ ጠይቁ፣ ርእሰ መምህሩ ጋ ከሌለ ሱፐርቫይዘሩን፣ ካልሆነም የማኅበሩን ተወካይ ጠይቁ። የመምህራን ማኅበር ከ1941 ጀምሮ ያለ ነው፣ መዋጮ ከደሞዛችሁ የሚቆረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ነጥባችሁ ትክክል ሆኖ የምትቀሩበት ጊዜም አለ፣ እሱን ልንገራችሁ። ከወረዳ ወረዳ ስትዛወሩ ደሞዛችሁን የሚከፍለው ተቀባዩ ወረዳ ነው፣ በሱ ላይ ክፍት መደብና በጀት ሊኖር ይገባል፣ በእናንተ ትምህርት ዓይነት። የሚለቃችሁም «ተተኪ ሳይመጣ አለቅም» ይላል፣ የፊዚክስ መምህር አንድ ብቻ ካለው እውነቱን ነው። እዚህ ላይ ቅሬታችሁ ሌላ ነው፣ መደቡ በእርግጥ መኖር አለመኖሩን ከተቀባዩ ወረዳ በደብዳቤ ማምጣት ነው የሚያዋጣው፣ ወይ ደግሞ እዚያ ያለ መምህር ወደናንተ መምጣት ከፈለገ እርስ በእርስ ቅያሬ መጠየቅ። ኮሚቴ ላይ እያለሁ ቶሎ ሲያልቅ ያየሁት እሱ ነው፣ ሁለቱም ወረዳ ሰው አይጎድልበትማ።

ሳትጠይቁ የተዛወራችሁ ደግሞ ስሙኝ። «ለሥራው ሲባል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ይከነክናል፣ በተለይ ከኃላፊ ጋር ተጋጭታችሁ ከነበረ። ግን ቅሬታ አስገብቻለሁ ብላችሁ ከሥራ እንዳትቀሩ። ያለ ፈቃድ መቅረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ ፍትሐዊ ጉዳይ ይዞ ከሥራ የተሰናበተ ጓደኛ ነበረኝ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ውሳኔው ታግዶ ይቆይልኝ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ እግድ ካልተሰጠ ሄዳችሁ ሪፖርት አድርጉ፣ ሥራ ስትጀምሩም «ቅሬታዬን እንደያዝኩ ነው» የሚል ደብዳቤ አስገቡ።

ወረዳው መልስ ከሰጠ በኋላ ወደ ዞን፣ ከዚያ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው፣ ደረጃ አትዝለሉ፣ ዘላችሁ ስትመጡ ፋይሉን መልሰው ወረዳ ይልኩታል፣ ጊዜው የሚቃጠለው የናንተ ነው። የአስተዳደር ፍርድ ቤት የሚያያቸው ጉዳዮች በአዋጅ ተለይተዋል፣ የናንተ እንደሚገባ ሳታረጋግጡ ለትራንስፖርት አትበደሩ። መልስ ነፍገው ካንከራተቷችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በ1992 ዓ.ም በአዋጅ 211 የተቋቋመ፣ ክልል ላይም ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታውን በነፃ ነው የሚቀበለው፣ በቃልም ይቀበላል። እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፣ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል፣ ግን ደብዳቤው ሲመጣ ተኝቶ የነበረ ፋይል ሲነሳ አይቻለሁ።

ያቺ ልጅ ትናንት ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የማመልከቻዋ ግልባጭ ነው፣ ግማሽ ገጽ፣ ጥግ ላይ ቁጥሩና ቀኑ በሰማያዊ ቢክ ተጽፎበታል፣ ማህተሙ ትንሽ ተጣሞ ቢመታም ይነበባል። የጋብቻ ማስረጃዋ ፋይሏ ውስጥ እያለ ለትዳር ዜሮ ነው የተሰጣት። ሰኞ መልሱን ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ፎርሙን የሞላላትን ርእሰ መምህርም ይዛ።