«ሦስት ቀን ጾምኩና ተገላገልኩ» ለምትሉ፦ ስለ መሐላና ካፋራ ጥያቄና መልስ

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ መሐላና ስለ ካፋራ (መሐላውን ያፈረሰ ሰው ስለሚያወጣው ማካካሻ) የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከእህቴ ጋር ተጣልቼ «ወላሂ ሁለተኛ ቤትሽን አልረግጥም» አልኳት። አሁን ወልዳለች። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ሂጂ እንጂ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምሎ ከዚያ የተሻለ ነገር ያየ ሰው የተሻለውን ይሥራ፣ ለመሐላው ካፋራ ያውጣ ብለዋል። የነቢዩ ባልደረባ አቡበከርም (ረ.ዐ) በልጃቸው በዓኢሻ ላይ የተነዛውን ሐሜት ያወራውን ዘመዳቸውን ሚስጠህን «ከእንግዲህ አልረዳውም» ብለው ምለው ነበር። ዘመድን አልረዳም ብሎ መማልን የሚከለክለው የቁርኣን አንቀጽ፣ ሱረቱ ኑር 22፣ ሲወርድ እርዳታውን መልሰው ቀጠሉ። አራሷን ጠይቂ፣ ካፋራሽንም አውጪ።

ጥያቄ፦ እኔ መሐላዬን አፍርሼ ሦስት ቀን ጾምኩ። በቃ አይደል?

መልስ፦ ደሞዝተኛ ከሆንክ አልበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጾሙ ኪስ ስለማይነካ ይሆናል ሁሉም ወደሱ የሚሮጠው። ሱረቱል ማኢዳ 89 ላይ መጀመሪያ የመጣው አሥር ሚስኪን ማብላት፣ ወይም ማልበስ፣ ወይም ባሪያ ነጻ ማውጣት ነው። ከነዚህ የፈለግከውን ትመርጣለህ። ሦስቱ ቀን ይህን ማድረግ ላልቻለ ሰው ነው። በሐነፊ መዝሀብ (መዝሀብ ማለት የሸሪዓ ሕግ አረዳድ መንገድ ነው) ደግሞ ቀኖቹ መከታተል አለባቸው፣ በሻፊዒ ግን ለያይቶ መጾም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ነው የሚበላው? ብር ብሰጥስ?

መልስ፦ አንቀጹ ቤተሰባችሁን ከምትመግቡት መካከለኛውን ነው የሚለው። ቤትህ ዘወትር እንጀራ በወጥ እየተበላ ለሚስኪን ደረቅ ዳቦ ይዘህ አትሂድ። ሻፊዒዮች ጥሬ እህሉን ለየሰዉ አስረክብ ይላሉ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሙድ፣ ማለትም መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ የሚዘግነው ያህል። ሐነፊዮች ጋ አብስሎ ምሳና እራት ማብላትም ይሆናል፣ በገንዘብም ይፈቅዳሉ። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ግን ምግቡ ራሱ ይሰጥ ነው የሚሉት፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። እናቴ አገር ቤት ብታወጣልኝስ?

መልስ፦ ውክልና ነው፣ ይቻላል። ብሩን ላኪላት፣ እህሉን ገዝታ ለአሥሩ ታከፋፍል። እሷ ራሷ ግን ከአሥሩ አትቆጠርም፤ እናትሽን መጦር ድሮም ያንቺ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ «እናቴ ትሙት» ብዬ ብምልስ?

መልስ፦ ካፋራ የለውም፣ ግን አይፈቀድም። «የሚምል በአላህ ይማል ወይም ዝም ይበል» ተብሏል። ተውበት (ንስሐ) አድርግ። በጨዋታ መሃል ሳታስበው ከአፍህ የሚያመልጥ «ኧረ ወላሂ» ደግሞ አይያዝብህም።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ። «ወላሂ በ800 ነው የገዛሁት» ብዬ ዋሽቼ ሸጫለሁ።

መልስ፦ ይሄ ከባድ ነው። እያወቁ በውሸት መማል ከትልልቆቹ ወንጀሎች ነው። ብዙዎቹ ዑለማዎች በካፋራ አይነሣም፣ ተውበት ነው መፍትሔው ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ከተውበቱ ጋር ካፋራም ይጠይቃሉ። በሁለቱም ዘንድ ግን ያታለልከውን ሰው ሐቅ መመለስ አለብህ።

ጥያቄ፦ ስምል «ኢንሻአላህ» ብዬ ነበር።

መልስ፦ ከመሐላው ጋር አያይዘህ ካልከው ካፋራ የለብህም። ማታ ትዝ ሲልህ የጨመርከው ከሆነ ግን አይቆጠርልህም።