መልስ፦ ከእህቴ ጋር በመኪና እስከ አላስካ፣ ስንት ቀን ይበቃል?

ወንድሜ፣ ከጅማ ሄደህ ካናዳ ካለችው እህትህ ጋር በሐምሌ በአርቪ፣ ማለትም አልጋና ማድቤት ባለው መኪና፣ አላስካ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ይበቃል ወይ ብለሃል። ይጠባል። ሦስት አድርጉት።

የአላስካ አውራ ጎዳና ካናዳ ካለችው ዶውሰን ክሪክ እስከ አላስካዋ ዴልታ ጃንክሽን 2,232 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ አዲስ አበባን ስድስቴ እንደመሄድ በለው። በቀን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አታቅዱ። አስፋልት ነው፤ ግን ከክሉዌን ሐይቅ አልፎ እስከ አላስካ ድንበር ድረስ ከሥሩ ያለው በረዶ ሲቀልጥ መንገዱ ይጎብጣል። እኔ ፍጥነት ሳልቀንስ ገባሁበት። ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ሳህኑ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከጅማ የወሰድኳት ጀበናም አንገቷ ተሰበረ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ጀበና ከያዝክ በጋቢ ጠቅልለህ አልጋ ላይ አስተኛት።

ቪዛውን አደራ! አላስካ አሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የካናዳ ቪዛ ብቻ ይዘህ ድንበሩን አታልፍም። የአሜሪካውን ዛሬውኑ ጀምር።

ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ቅዱ። ስልክ ለሰዓታት ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ድብ ስላለ ምግብ ውጭ አታሳድሩ። ወፍራም መጋረጃም ያዙ፤ በዚያ ወቅት ሌሊቱ በደንብ አይጨልምም።

ሊያርድ ወንዝ ፍል ውሃ ጋ ግን አንድ ሌሊት እደሩ። ጫካ መሃል ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ቁጭ ስትሉ የመንገዱ ድካም ሁሉ ይወጣላችኋል።