ካርባይኑ ይነክሳል፣ ድርጅቱ ደሞ "ጥይት ቀይር" ይላል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ እንዴት ነህ። ያለሁት ጋርላንድ ቴክሳስ ነው፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ማታ ብቻዬን ስለምዘጋ ባለፈው ዓመት 9 ሚሊ ሜትር የሚተኩስ ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) ገዛሁ፣ የመረጥኩት የሽጉጤን ካዝና ስለሚቀበል ነው። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ስወስደው አንዳንዴ ሁለት ካዝና ሙሉ ጸጥ ብሎ ይተኩሳል ከዛ መንከስ ይጀምራል፣ አንዴ ቀለሃው መውጫው ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሌላ ጊዜ ጥይቱ አፍንጫው ተተክሎ አልገባም ይላል። ለድርጅቱ ኢሜይል አደረኩ፣ ስንት ቀን ቆይቶ የመጣው መልስ "ጥሩ ጥይት ተጠቀም" የሚል አንድ መስመር ነው። መልሼ ጻፍኩ ዝም፣ ስልክ ስደውል ሙዚቃ ብቻ ነው የምሰማው። ምን ላድርግ ልሽጠው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ አትሽጠው፣ ገና ነው። ሳትናገር ብትሸጠው ደሞ ሌላ ሰው ቤቱን እጠብቅበታለሁ ብሎ የሚነክስ መሳሪያ ይዞ ይተኛል፣ ይሄ ተገቢ አይደለም። የድርጅቱን ስም ከደብዳቤህ ላይ አውጥቼዋለሁ ምክንያቱም አንተ የጻፍከው ችግር የብዙ ብራንድ ችግር ነው፣ ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዝክ እንይ። ኤአር-15 በሚባለው ባለ 5.56 ጥይት ጠመንጃ ላይ ቦልቱ (የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋው ብረት) ሲዘጋ ይቆለፋል፣ ከጥይቱ የመጣው ጋዝ እስኪያስከፍተው ድረስ አይፈታም። የ9 ሚሊ ካርባይኖች ግን አብዛኞቹ ብሎውባክ የሚባሉት ናቸው፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ጥይቱ ሲፈነዳ ቦልቱን ይዞት የሚቆየው የራሱ ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነው። እርግጥ ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ፣ የሄክለር ኤንድ ኮክ ኤምፒ5 ዘሮች በሮለር ይዘገያሉ፣ ሲግ ኤምፒኤክስ በጋዝ ይሰራል፣ ሲኤምኤምጂ ደሞ ቦልቱ ዞሮ የሚከፈትበት አሰራር አለው፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል፣ አንተ የያዝከው ከአነጋገርህ ተራው ብሎውባክ ይመስለኛል።

ብሎውባክ ላይ ሁሉ ነገር የፍጥነት ጉዳይ ነው። ቦልቱ ከነባፈሩ (ከኋላው ካለው ተጨማሪ ክብደት ጋር) ለያዝከው ጥይት ከከበደ ወደ ኋላ የሚሄደው በግማሽ ነው፣ ስለዚህ ቀለሃው በደንብ ሳይወረወር መውጫው ላይ ተይዞ ይቆማል፣ መጨረሻ ጥይት ላይም ቦልቱ ክፍት ሆኖ አይቆምም። በተቃራኒው ከቀለለ በጣም ይፈጥናል፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ጥይት በሞላው ተገፍቶ ወደ ላይ ሳይደርስ ቦልቱ አልፎት ይሄድና ባዶ ላይ ይዘጋል፣ ወይ ደሞ ጥይቱን ከመሃል ገጭቶ አጣሞ ይተክለዋል። በዛ ላይ ብሎውባክ ጥላሸቱን ወደ ራሱ ነው የሚመልሰው፣ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ) እና ካዝናው ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሁለት ካዝና ተኩሶ ከዛ መንከስ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ለማንኛውም ከመውጣትህ በፊት አጽዳውና ማኑዋሉ ባለው ቦታ ላይ ዘይት ቀባው።

ስለዚህ ድርጅቱ ጥይት ማለቱ ከአየር ላይ አልመጣም። ርካሹ የ115 ግሬን (ግሬን የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) የሬንጅ ጥይት ብዙ ጊዜ ለስለስ ተደርጎ ነው የሚሞላው፣ 124 ግሬን ስታጎርሰው ችግሩ የሚጠፋ ካርባይን አለ። ግን አንድ መስመር ጽፎ ዝም ማለት መልስ አይደለም፣ የትኛው ጥይት፣ ስንት ግሬን፣ ምን ዓይነት ቀለሃ፣ ይሄን መናገር የሰሪው ስራ ነው። ደሞ "ጠንካራ ጥይት" ሲባል ዘለህ ፕላስ ፒ እንዳትገዛ፣ የተለመደው 9 ሚሊ ከፍተኛ ግፊቱ 35,000 ፒኤስአይ ነው፣ ፕላስ ፒ 38,500 ይደርሳል፣ ማኑዋሉ ካልፈቀደ አይሆንም፣ በቁልፍ ያልታሰረ ቦልት ፊት ግፊት መጨመር ጨዋታ አይደለም።

ከጥይት ይልቅ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ካዝናውን ነው። የሽጉጥ ካዝና የተሰራው ለሽጉጥ ነው፣ ካርባይኑ ነው ተጠግቶ የተበደረው። ካዝናው በሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የጥይቱ አፍንጫ መግቢያው ላይ ወጥቶ መግባት ሲገባው ከታች ይገጨዋል፣ አንተ "ተተክሎ" ያልከው ማለት ነው፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ሆሎ ፖይንት ሲሆን ደሞ ይብሳል። የካዝናህን አፍ በደንብ እየው፣ ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ናቸው? አንዱ ከፈት ብሏል? በጣትህ ጥይት ወደ ታች ስትጫን ሞላው እየተንቀራፈፈ ነው የሚመልሰው? ሌላ ኩባንያ የሰራው ርካሽ ካዝና ከሆነ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው።

እንዲህ አድርግ። ካዝናዎችህን በማርከር ቁጥር ጻፍባቸው። የፋብሪካ ካዝና፣ ናስ ቀለሃ ያለው አዲስ የፋብሪካ ጥይት፣ አንድ ሳጥን 115 አንድ ሳጥን 124 ይዘህ ሂድ፣ እንደገና የተሞላ ጥይት በፍጹም እንዳትወስድ ምክንያቱም ብዙ ድርጅቶች በዛ ሰበብ ነው በሩን የሚዘጉት። ማነጣጠሪያውን ዶት ሳይት እንዳለ ተወው ግን የቀየርከው ምላጭ፣ ሞላ፣ ባፈር ካለ ወደ ፋብሪካው መልሰው። ከዛ ሲነክስ ወዲያው አትምታው አትጎትተው፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዝክ ጣትህን ከምላጩ አውጥተህ ከጎን ፎቶ አንሳው ወይ አጠገብህ ያለ ሰው ያንሳልህ። ያቺ ፎቶ ከአስር ኢሜይል ትበልጣለች። ቁጥር 2 ካዝና ላይ ብቻ ከነከሰ የካዝና ነገር ነው፣ 115 ላይ ብቻ ከነከሰ የጥይትና የቦልት ክብደት ነው፣ በሁሉም ካዝና በሁሉም ጥይት ከነከሰ ግን መሳሪያው ነው፣ ቀለሃውን ይዞ የሚያወጣው ጥፍር ወይ ገፍቶ የሚወረውረው ኤጄክተር ወይ ካዝናው የሚገባበት ከፍታ፣ እሱ ደሞ የአንተ ሳይሆን የሰሪው ዕዳ ነው።

አሁን ኢሜይሉን ጻፍ። "አይሰራም አሳፈራችሁኝ" አትበል፣ ቢያናድድህም አትበል፣ ሞዴሉን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ የገዛህበትን ቀንና ደረሰኝ፣ የጥይቱን ብራንድና ግሬን፣ በስንት ጥይት ስንቴ እንደነከሰ፣ የትኛው ካዝና እንደሆነ ጻፍና ፎቶዎቹን አያይዝ፣ መጨረሻ ላይ "ለጥገና የምልክበት የመመለሻ ቁጥርና የተከፈለበት ሌብል ላኩልኝ" በል። ልዩነቱን ታየዋለህ፣ መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ማንም ይሁን ማን እንዲህ የተሟላ ነገር ሲያይ ለቴክኒሻን ያሳልፈዋል፣ "ይነክሳል" ብቻ ሲያይ ግን የተዘጋጀችውን አንድ መስመር ይለጥፍልሃል። ስልክ ከደወልክ ያናገረህን ሰው ስምና ቀኑን ያዝ፣ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ የተባባላችሁትን በኢሜይል ላክላቸው።

ዝም ካሉ የገዛህበት ሱቅ ሂድ፣ ነጋዴው አከፋፋዩን ያውቃል፣ አንዳንዴ አንተ ወር የጠበቅከውን እሱ በአንድ ስልክ ይጨርሰዋል። ከዛ ያለፈ ከሆነ የቴክሳስ አቶርኒ ጄነራል ቢሮ የሸማች ቅሬታ ይቀበላል። አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ብዙ ወገኖቻችን መንግስት ያስጠራዋል (ለጥገና ወደ ሰሪው እንዲመለስ ያዛል) ብለው ይጠብቃሉ። አሜሪካ ውስጥ የህጻን አልጋ፣ የቡና ማፍያ አደገኛ ሲሆን የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን አለ፣ ኮንግረስ በ1972 ኮሚሽኑን ሲያቋቁም ግን ጠመንጃና ጥይትን ከስልጣኑ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ መሳሪያ ችግር ቢኖርበት የሚጠራው ሰሪው ራሱ ወዶ ነው። በ2017 ኬል-ቴክ የተወሰኑ ሰብ-2000 ካርባይኖችን በርሜላቸው በሙቀት በደንብ አልጠነከረም ብሎ ጠርቷል፣ ይሄን ማድረጉ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያስገድደው ኮሚሽን ስለነበረ አይደለም። በዚህ ምክንያት ነው እኔ ከስተመር ሰርቪስ የመሳሪያው አንድ ክፍል ነው የምለው፣ ሌላ የሚደርስልህ የለማ።

እስከዛ ድረስ ሱቅህን በሽጉጥህ ጠብቅ። ካርባይኑ ከተጠገነ በኋላም በምትይዘው ጥይትና ካዝና ሁለት መቶ ጥይት ያህል ሳይነክስ ካልተኮስክ አትመንበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮሎምበስ ኦሃዮ ነዋሪ ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእኔ ካርባይን ምላጭ ስስብ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። አንዳንዴ ቦልቱ ጭርሱን አይዘጋም፣ የወንድሜ ልጅ በመዳፍህ ገፋ አድርገው አለኝ። ድርጅቱ ላክልን ብሏል ግን ጠመንጃ በፖስታ መላክ ወንጀል አይሆንብኝም? ሲመለስስ ሱቅ ሄጄ ወረቀት እንደ አዲስ እሞላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ እባክዎ በመዳፍ አይግፉት። ቦልቱ ያልዘጋው በምክንያት ነው፣ ቻምበሩ ቆሽሿል ወይ ሞላው ደክሟል ወይ ጥይቱ ከልኩ ሰፍቷል፣ ገፍተው ቢተኩሱት ቀለሃው ግማሹ ውጪ ሆኖ ሊፈነዳ ይችላል፣ ብሎውባክ ላይ ደሞ ፊትዎ አጠገብ ነው። ቀጭ ብሎ ዝም ሲልም አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ድምፁ ከተለመደው ያነሰ "ፑፍ" ካለ ደሞ በቃ እዛው ያቁሙ፣ አረሩ በርሜል ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፣ ጥይቱን አውጥተው ባዶ ያድርጉት፣ የበርሜሉ ውስጥ ሳይታይ ሌላ ጥይት እንዳያስከትሉ።

የከሸፈውን ጥይት አይጣሉት፣ ከኋላው ያለችውን ፕራይመር ይዩዋት። ጥልቅ ተብላ ተመትታ ካልፈነዳች ጥፋቱ የጥይቱ ነው፣ ጫር ብቻ ተደርጋ ከሆነ ግን መርፌው ወይ የመዶሻው ሞላ ነው ወይ ያው ቦልቱ ሳይዘጋ ነው የተመታው። የፕራይመሯን ፎቶ ለድርጅቱ ይላኩላቸው።

መላኩ ወንጀል አይደለም። የፌደራል ህጉ ባለቤቱ ጠመንጃውን ለጥገና ፈቃድ ላለው ሰሪ እንዲልክ፣ ሰሪውም አድሶ በቀጥታ ለባለቤቱ እንዲመልስ ይፈቅዳል፣ መጠገን አልቻልንም ብለው ተመሳሳይ ሞዴል ቢተኩልዎትም እንደዛው ነው፣ ጠመንጃ ከሱቅ ሲገዛ የሚሞላው የ4473 ፎርም እንደገና አይሞላም። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸውን ህግ ስለሚጨምሩ ድርጅቱን ይጠይቁ። ትላልቆቹ አጓጓዦች ግን የግለሰብ ጠመንጃ ላይ ጥብቅ ሆነዋል፣ ስለዚህ በራስዎ ከመሄድ ድርጅቱ የሚልከውን ሌብል ይጠብቁ፣ አሰጣጡንም እነሱ እንዳሉት ያድርጉ። ጥይት በፍጹም አብሮ አይግባ፣ መነጽርና መብራት ካለው ይፍቱት፣ ካዝና ግን ካዝናው ከተጠረጠረ ራሳቸው ላክልን ይላሉ። ሲሪያሉ በሚታይበት አንስተው ያሽጉ፣ ሲመለስ የሚፈርም አዋቂ ቤት ይኑር።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ነው ያለሁት፣ ልገዛ ነው። እነዚህን ሁሉ ችግሮች ላለመጋፈጥ የትኛውን ብራንድ ልግዛ? ዋራንቲው ረጅም የሆነውን ብወስድ ይሻላል አይደል?

መልስ፦ እህቴ ብራንድ አልመርጥልሽም፣ ግን ዋራንቲው ላይ የተጻፈውን ብቻ አይተሽ እንዳትወስኚ። ሃይ-ፖይንት ርካሽ ነው ግን የዕድሜ ልክ ዋራንቲ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ባለቤት ብትሆኚም ይሰራል። ሩገር ደሞ በ1975ቱ የዋራንቲ ህግ ምክንያት የጽሁፍ ዋራንቲ እንደማይሰጥ ማኑዋሉ ላይ በግልጽ ይጽፋል፣ ሆኖም በጥገና በኩል ጥሩ ስም ካላቸው ውስጥ ነው። ያው ህግ የጽሁፍ ዋራንቲ የሰጠ ድርጅት "የእኛን ካዝና ካልገዛሽ ዋራንቲው ይሰረዛል" እንዳይል ይከለክላል፣ ለጥፋቱ ምክንያት የሆነው የሌላው ዕቃ ከሆነ ግን እምቢ ማለት ይችላል፣ የዋራንቲውን ጽሁፍም ሳትገዢ በፊት ማየት መብትሽ ነው፣ ሱቁን አሳዩኝ በይ።

ከዛ በፊት ግን ቬጋስ ነሽ፣ የሚያከራዩ ሬንጆች ሞልተዋል፣ ያሰብሽውን ሞዴል ተከራይተሽ በብዙ ሰው እጅ የተለፋውን ተኩሺው፣ የተከራየው ካልነከሰ አዲሱ ላይም ተስፋ አለ። ሰራተኛውን "ይሄ ስንቴ ተሰበረባችሁ፣ ስትልኩትስ በስንት ጊዜ መለሱላችሁ" ብለሽ ጠይቂው፣ እነሱ በየቀኑ ስለሚያዩት ይነግሩሻል። ሌላው፣ ሳትገዢ በፊት የድርጅቱን ከስተመር ሰርቪስ ደውይለት። "የፋብሪካ ካዝና የትኛው ነው፣ ኤክስትራክተርና ሞላ ለብቻው ትሸጣላችሁ፣ 147 ግሬን ይቀበላል" በይ። ሰው አንስቶ ከመለሰልሽ አንድ ነገር ነው፣ ገና ገንዘብሽን ሳይወስዱ የማያነሱት ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው ሞዴል እለፊ። የካዝናውንም ነገር አረጋግጪ፣ ያው አንድ ሞዴል በግሎክ ካዝና፣ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ካዝና ተለይቶ ይሸጣል፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን አንብበሽ ካለሽ ሽጉጥ ጋር አስተያዪው፣ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ካዝናውን አስገብተሽ አውጥተሽ እዪው፣ የሚወዛወዝ ወይ በግድ የሚገባ ከሆነ ሌላ እንዲያወጡልሽ ጠይቂ።