ቀለበቷን ከመውቀሳችሁ በፊት

ሞተር መፍታት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሞተር ገጥሜ አስረከብኩ። ሳምንት ሳይሞላው ተጎትቶ ተመለሰ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ስናነሳ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። እንዲሁ ጭረት እንዳይመስላችሁ፤ ጥፍሬ እስኪገባበት ድረስ ታርሷል። የፒስተኑ ፒን፣ ፒስተኑን በአግድም የሚያቋርጠው ዘንግ፣ ከቦታው ወጥቶ ግድግዳውን ሲፍቅ ነበር። በአንድ በኩል ፒኑን የምትይዘው ቀለበት፣ ያቺ አፏ ክፍት የሆነች ትንሽ የብረት ቀለበት፣ የለችም። ስባሪዋን ከዘይት ቋቱ ለቀምናት። አሮጌዋን ቀለበት «ገና ጠንካራ ናት» ብዬ መልሼ የገጠምኳት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። አንዴ የወጣች ቀለበት አትመለስም። ስትወጣ ትታጠፋለች፣ ውጥረቷም ይላላል። ይህን ደግሞ በዓይን አታዩትም። ከሞተሩ ርካሽ ዕቃዎች አንዷ እሷ ናት፤ እሷ ላይ መቆጠብ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፒን፣ አዲስ ቀለበት አስገባሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሲሊንደር፣ ያው በኩል። በዚህ ጊዜ አለቃዬ ፒኑን ተቀብሎኝ ሁለቱን ጫፎች ብርሃን ላይ አገላበጣቸው። አንዱ እንደ አዲስ ነው። ሌላው ተፈግፍጎ እንደ መስታወት ያበራል። አንድም ቃል ሳይናገር ቢየላውን፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ፣ ለካው። ጠምሟል፤ ለዓይን የማይታይ፣ ለመለኪያ ግን የማይደበቅ። ጠማማው ቢየላ በየምቱ ፒኑን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው ነበር። ለወራት ራሴን ስወቅስ የኖርኩት በግማሽ ጥፋት ኖሯል።

ቀለበቷ ፒኑ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ትጠብቃለች እንጂ ግፊት እንድትሸከም አልተሠራችም። ተሰብራ ወይም ቦይዋን፣ ፒስተኑ ላይ የምትቀመጥበትን ጎድጓዳ መስመር፣ ቀጥቅጣ ካገኛችኋት «ማን ገፋት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢየላውን ለኩ። ክራንክ ሻፍቱ፣ ቢየላው የሚያዞረው ዋናው ዘንግ፣ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚጫወት እዩ። ቦይው ራሱ ከሰፋ ደግሞ ፒስተኑ ይቀየር፤ አዲስ ቀለበት በሰፋ ቦይ ውስጥ ምንም አትፈይድም።

ወደ ቀለበት ምርጫው ልምጣ። አንዳንድ ሞተር ላይ ፒኑ ቢየላው ውስጥ በኃይል ተጨምቆ የሚገባ ስለሆነ ቀለበት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ፒኑ በቢየላውም በፒስተኑም ውስጥ በነፃ የሚዞር ከሆነ ግን ያስፈልጋል። ሰው የሚሳሳተው «የቷ ትጠነክራለች?» ብሎ ሲጀምር ነው። ቀለበት ለብቻዋ አትመረጥም፤ ከፒኑና ከቦይው ጋር ነው የምትመረጠው። ክብ ሽቦ ቀለበት ክብ ቦይና ጠርዙ በሰያፍ የተሞረደ ፒን ትፈልጋለች። ፒኑ ሲገፋት ሰያፉ ወደ ቦይዋ ይለጥፋታል፤ በተገፋች ቁጥር ትጠብቃለች። ጠርዙ ያልተሞረደ ፒን ከሆነ ግን ከቦይዋ ሊያወጣት ይችላል። ጠፍጣፋዋ በተቃራኒው ነች፤ ቦይዋ ባለ ቀጥ ጠርዝ፣ የፒኑም ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። እንደ ቁልፍ መያዣ ቀለበት የተጠመዘዘችውም ከጠፍጣፋዎቹ ወገን ነች። ጥሩ ትይዛለች፤ ስታወጧት ግን ጣት ትቆርጣለች፣ ትዕግሥትም ትጨርሳለች። በማሽን የተቆረጠችው ጠፍጣፋ አንድ ጠርዟ ስለታም ነው። ስለታሙ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወደ ፒኑ ይዙር።

በፒንሳ ለመያዝ ጭራ ወይም ጆሮ ያላቸውም አሉ። ለእጅ ይመቻሉ። ብዙ ዙር ለሚዞር ሞተር ግን አልወዳቸውም። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ፒስተኑ በሴኮንድ 200 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ያቺ ጭራ በየጊዜው ትወዛወዛለች፤ አንድ ቀን ትቆረጣለች። የቀለበቷን ክፍተት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርጉ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ጎን ከዞረ አንዱ ክንዷ በየምቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ከቦይው መላቀቅ ይጀምራል። ቀለበቷን ለማውጫ ፒስተኑ ላይ ከተቆረጠው ጎድጓዳ ጋርም ክፍተቱን አታገጣጥሙት።

ስትገጥሙ መነጽር አድርጉ፤ ዓይን መለዋወጫ የለውም። ቦይውን በደንብ አጽዱ። ቀለበቷን ለመግባት ከሚበቃት በላይ አትጭመቋት። ከገባች በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ዙሪያዋን ሁሉ መቀመጧን እዩ።

የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሳትሸፍኑ ደግሞ ቀለበት አትንኩ። ተፈናጥራ ከጠፋች እስክትገኝ ድረስ ሥራ ይቆማል፤ «ውጭ ወድቃ ይሆናል» አይሠራም። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስፈልጋት ውዬ ከገዛ ቱታዬ ኪስ ውስጥ አገኘኋት።