መልስ፦ ከየትኞቹ የፊሊፒንስ አርቲስቶች ልጀምር?

ወንድሜ፣ በሥራቸው ለማኅበራዊ ለውጥ ከታገሉት የፊሊፒንስ አርቲስቶች ከማን ልጀምር ላልከው፣ እኔ ከሠዓሊው ከአንቲፓስ ዴሎታቮ ጀምር እልሃለሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. በውሃ ቀለም የሣለውን «ኢታክ ሳ ፑሶ ኒ ማንግ ሁዋን» (ስለት በማንግ ሁዋን ልብ ላይ እንደ ማለት ነው) ፈልገህ እየው። ኑሮ ያጎሳቆለው ሽማግሌ በትልቅ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ፊት ያልፋል፤ የጽሑፉ ጅራት ስለት መስሎ ደረቱ ላይ ተነጣጥሯል። አንድም ሰው አልጮኸም፣ አንድም መፈክር የለም፤ ግን የድሃውን ሰው ቁስል ወዲያው ታየዋለህ። ያውም ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ አገሩን በወታደራዊ አዋጅ ሰጥ ለጥ አድርጎ በሚገዛበት ዘመን! የዚያን ጊዜውን «ካይሳሃን» የተባለ የሠዓሊያን ቡድንም አብረህ ተመልከት።

ፊልም ከወደድክ ደግሞ ሊኖ ብሮካ አለልህ። የማኒላን የድሃ ሰፈሮች ኑሮ ሳይሸፋፍን ያሳየ ዳይሬክተር ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የጂፕኒ (የፊሊፒንስ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና) ሾፌሮችን አድማ ደግፎ አደባባይ በመውጣቱ ታስሯል።