«ሬሳ ልታይ ነው?» ብዬ ጮህኩበት

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። የከተማችን ምክር ቤት የሃይስኩል ተማሪዎች ከአምቡላንስ ሠራተኞች ጋር እየዞሩ ሥራውን እንዲያዩ ለመፍቀድ እየመከረ ነው። ልጄ ገና ሳይጸድቅ «ፎርሙ ሲመጣ ትፈርሚልኛለሽ አይደል?» አለኝ። «ሬሳ ልታይ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። አባቱ «ዶክተር እሆናለሁ ሲል ደስ ይልሽ አልነበር?» ይለኛል። ልጄ ከሰላምታ በቀር ካናገረኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። እኔ በ14 ዓመቴ ወንድሜ በመኪና አደጋ አጠገቤ ነው የሞተው። ልጄ ይህን አያውቅም። ታሞ ሞተ ብለን ነው የነገርነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ የደብዳቤዎን የመጨረሻ መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። አምቡላንሱ ትንሽ ይቆየን።

እኛ ሞትን ለልጅ አንናገርም። ለአዋቂ እንኳ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ለልጅማ «ታሞ ነው» ይባልና ይታለፋል። ከክፋት አይደለም፣ እንዳይደነግጥ ነው። አሁን ግን ልጅዎ የሚያየው ምክንያት የሌለው እምቢታ ነው። «እናቴ አታምነኝም» ብሎ ቢተረጉመው አልፈርድበትም። ያን ቀን የጮኸችው መንገድ ዳር የቀረችው የ14 ዓመቷ ልጅ ትመስለኛለች። እሱ ደግሞ እሷን አያውቃትም።

ስለዚህ ከፎርሙ በፊት ስለ አጎቱ ይንገሩት። ዝርዝሩን ሁሉ ማውጣት የለብዎትም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ፊት ለፊት ከሚያፋጥጡት መኪና ውስጥ ወደ መንገዱ እያየ ማውራት ይቀለዋል። ለእርስዎ ግን መኪናው የሚከብድ ከሆነ ቡና ሲፈላ ይሁን። «ታሞ ነው ያልንህ እውነት አልነበረም፣ ይቅርታ» ይበሉት። ሊናደድ ይችላል። ይናደድ።

ወደ አምቡላንሱ ስንመጣ፣ «ልጅ ለዚህ አይደርስም» በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እስራኤል ውስጥ ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ወጣቶች ሠልጥነው ማገን ዳቪድ አዶም በሚባለው የአገሪቱ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት አምቡላንስ ላይ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ኮኔቲከት ውስጥ ዳሪየን በምትባል ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሃይስኩል ተማሪዎች ከአዋቂዎች ጋር ሆነው በከተማዋ አምቡላንስ ላይ ይሠራሉ። እነዚያ ልጆች ግን ብዙ ሰዓት የሠለጠኑ ናቸው። የእርስዎ ልጅ የሚሄደው ለማየት ነው። ማየት ብቻውም የራሱ ክብደት አለው። የሠለጠነው ሰው ደም ሲያይ እጁ ሥራ ይይዛል። ተመልካቹ ግን እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

እንግዲህ ፍርሃትዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ የነዋሪዎችን አስተያየት ሲሰማ ይሂዱና ይጠይቁ። አስተርጓሚ ካስፈለገዎት ቀድመው ይጠይቁ፤ ለዚህ ጉዳይ እንኳ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት! ከባድ አደጋ ሲያጋጥም ተማሪው መኪናው ውስጥ ይቆያል ወይስ ይወርዳል? ይህን የሚወስነው ማን ነው? «በቃኝ» ካለ መመለስ ይችላል? በማግስቱስ ማን ይደውልለታል? «ሰብስበን ያዩትን እናስወራቸዋለን» ካሉዎት እኔ አልረካም። ሰውን ከአደጋ በኋላ አንዴ ሰብስቦ በግድ ማናገር ኋላ የሚመጣውን ጭንቀት እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል። የሚሻለው የሚያውቀው ሰው በየጊዜው «እንዴት ነህ?» ሲለው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እኛን ሐበሾችን በተለይ ይመለከታል። አምቡላንሱ የሚሄደው የምታውቁት ሰው ቤት ሊሆን ይችላል። የታካሚ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው። ማታ ሲገባ «ማን ነበር? ሐበሻ ነው?» አይበሉት። «በላህ?» ይበሉት። «ዛሬ ከባድ ነበር?» ደግሞ ይበቃል። አዎ ካለ ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ። እንቅልፍ እየነሳው፣ ያየው ነገር እየተመላለሰበት ሳምንታት ካለፉ ግን ባለሙያ ይየው።

ለአባትየውም አንድ ቃል አለኝ። «ዶክተር ይሆናል» የእርስዎ የአባቱ ምኞት ሊሆን ይችላል። ልጁን «ለምን ፈለግከው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። መልሱን ሁለታችሁም ብትሰሙት ደስ ይለኛል።

እኔ ብሆን ልፈርም? ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ደህና መልስ ካገኙ፣ አዎ። ካላገኙ ግን አልፈርምም፤ ምክንያቱንም ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ዛሬም የአምቡላንስ ጩኸት ሲሰሙ ልብዎ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ስንት ዓመት ቢያልፈውም ሕክምና አለው። «ቆይቷል» ብለው አይተዉት።

ምክር ቤቱ ገና እየመከረ ስለሆነ ጊዜ አላችሁ። የወንድምዎ ፎቶ ቤት ውስጥ ካለ ይዘው ይቀመጡ። ስሙን ከመጥራት ይጀምሩ።